እባብ ከ«በህይወት ያለ አይጥ» ፓኬጅ ጋር ሊሸጡላችሁ ከሆነ እባካችሁ አትክፈሉ፣ እኔ ከፍዬ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ እባብ ለምታሳድጉና ለመግዛት እያሰባችሁ ላላችሁ። ረዘም ይላል ግን አንብቡት፣ አሁን ለምግብ ፓኬጅ ቅድሚያ ልትከፍሉ እጃችሁን ኪስ የከተታችሁ ካላችሁማ የግድ አንብቡት።

ቦል ፓይተን (መርዝ የሌለው፣ አይጥ አንቆ የሚበላ የእባብ ዝርያ) ነው የገዛሁት፣ ሴት ናት፣ አዋቂ፣ በጣም ረጋ ያለች። ሰውዬው ሲሸጥልኝ «ይቺ ከትንሽነቷ ጀምሮ በህይወት ባለ አይጥ ነው ያደገችው፣ ፍሮዝን (ተገድሎ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ አይጥ) ብትሰጫት አትነካውም፣ ስለዚ ምግብ ፍለጋ ከምትንከራተቺ የ6 ወር ፓኬጅ ግቢ፣ በየሳምንቱ አንድ ትልቅ አይጥ ከኛ ትወስጃለሽ፣ ቅናሽም አለው» አለኝ። ፍሮዝን ምግብነት የለውም፣ የሞተ ነገር ነው፣ እባቡን ሰነፍ ያደርገዋል የሚለውንም ጨመረበት። እኔ ደግሞ ለእሷ የሚበጀውን የማደርግ መስሎኝ እሺ ብዬ ሙሉውን ከፈልኩ።

እስቲ መጀመሪያ ዲሉን ራሱን እንየው፣ ምክንያቱም ምንም ጉዳት ባይደርስ እንኳን ዲሉ መጥፎ ነው። አዋቂ ቦል ፓይተን በየሳምንቱ ትልቅ አይጥ አያስፈልጋትም። በየሳምንቱ የሚበሉት ገና በማደግ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፣ አዋቂ በ2 ሳምንት በ3 ሳምንት አንዳንዴም በወር አንዴ ይበቃታል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ዝም ብላ ስብ ነው የምታከማቸው። ጤነኛ አዋቂ ቦል ፓይተን ደግሞ በራሷ ጊዜ ወራት ሙሉ ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች፣ ኪሎዋ እስካልወረደ ድረስ ችግር የለውም። እንግዲህ አስቡት፣ 6 ወር በየሳምንቱ ማለት 26 አይጥ ነው፣ እሷ የምትፈልገው ምናልባት 8 ወይ 13 ቢሆን ነው። ግማሹን የከፈልኩት ለማይበላ ምግብ ነው ማለት ነው። በህይወት ያለ ነገር ደግሞ እንደ ፍሮዝን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠህ ለሚቀጥለው አትለውም፣ ያን ቀን ካልበላች ወይ አይጡን ራስህ ማሳደግ አለብህ ወይ... ወይ እኔ ያደረግኩትን ማድረግ ነው።

በ4ኛው ሳምንት አይኗ ወተት መስሏል፣ ቆዳዋ ደብዝዟል፣ ቆዳ ልትቀይር ነው ማለት ነው፣ ያኔ ግን ምልክቱን አላውቀውም ነበር። አይጡን ከተትኩት፣ እሷ ጥቅልል ብላ ተቀመጠች፣ ዞር ብላም አላየችውም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ተይው ይደር፣ ማታ ሲርባት ትበላዋለች» አለኝ። ትቼው ተኛሁ። ይቺን አንዲት አረፍተ ነገር እባካችሁ ማንም ቢላችሁ አትስሙ።

ጠዋት ስነሳ አይጡ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ይጠርጋል። እሷ ጀርባዋ ላይ፣ ወደ ጅራቷ አካባቢ፣ ጣቴን የሚያክል ቦታ ተበልቷል። ተቧጨረ አላልኩም፣ ተበልቷል ነው ያልኩት። ቆዳው የለም፣ ስጋው ይታያል፣ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነገር ነበር፣ በኋላ ሐኪሟ የጎድን አጥንት ነው አለችኝ። እሷ ሌሊቱን ሙሉ እየተበላች አልሸሸችም፣ አልነከሰችም፣ እዛው ተጠቅልላ ነበር። ይሄን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ብዙ ሰው እባብ ስለሆነች ራሷን ትከላከላለች ብሎ ያስባል፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን ያልራባት ወይም ቆዳ ልትቀይር የደረሰች ወይም የበረዳት እባብ አይጡን እንደ ምግብ አታየውም፣ ብዙ ጊዜ ዝም ነው የምትለው። አይጥ ደግሞ የፊት ጥርሱ እድሜውን ሙሉ የሚያድግ፣ ሁሌ የሚያኝከው ነገር የሚፈልግ እንስሳ ነው። ምግብና ውሃ በሌለበት ሳጥን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከተዘጋበት ያገኘውን ነው የሚበላው፣ እዛ ሳጥን ውስጥ ያለው ደግሞ እባቡ ብቻ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም ርቦት ፈርቶ ነው ያደረው። ሐኪሟ እንዳለችኝ እንዲህ አይነት ቁስል የምታየው የመጀመሪያዋ የኔ አይደለችም፣ አይናቸው የጠፋ አከርካሪያቸው የተጋለጠም ይመጡላታል፣ አንዳንዱንም ማዳን አይቻልም።

ህክምናው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሻጩ «ቀላል ነገር ነው በሳምንት ይድናል» ብሎኝ ነበር። ቁስሉ ታጠበ፣ የሞተው ስጋ ተቆርጦ ወጣ፣ ማስታገሻ ተሰጣት፣ አንቲባዮቲክ በመርፌ ለሳምንታት። የምትኖርበት ሳጥን ውስጥ ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ሁሉ ወጥቶ ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅ በሶፍት ተተካ፣ በየቀኑ ይቀየራል። እባብ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ ቆዳ በቀየረች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጠበበ የኔዋ 3 ጊዜ ቆዳ ከቀየረች በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ የገጠመው። ጠባሳው ላይ ቅርፊቷ እንደድሮው አልበቀለም፣ እንደዛው ነው የሚቀረው። ለህክምና ያወጣሁት እሷን ከገዛሁበት በላይ ነው።

ሻጩን ሄጄ ሳናግረው «በተፈጥሮም እኮ ይነከሳሉ» አለኝ። አዎ ይነከሳሉ፣ በዛም የሚሞቱ አሉ። ግን ጫካ ውስጥ አይጡም ማምለጥ ይችላል እባቡም ዞር ብሎ መሄድ ይችላል፣ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም መውጫ የላቸውም። እኔ የዘጋሁበትን ሳጥን ተፈጥሮ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ፍሮዝን ምግብነት የለውም የሚለውን በተመለከተ፣ በአግባቡ የበረደና በአግባቡ የተቀመጠ አይጥ ያው አይጥ ነው፣ አጥንቱም ጉበቱም ስቡም አለ። ረጅም ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉ ነገሮች ይቀንሳሉ፣ ለዛ ነው ከ6 ወር እስከ አመት ባለው ጊዜ ተጠቀሙት የሚባለው። እንዲያውም ጥቅም አለው፣ አይጡ ላይ ያሉትን ትንንሽ ተባዮች ማቀዝቀዙ ይገድላቸዋል። ሰነፍ ያደርጋል የሚባለውም፣ የኔዋን መጥታችሁ ብታዩ፣ በመቆንጠጫ ይዤ ሳወዛውዝላት ተወርውራ ይዛ ትጠመጠምበታለች፣ ልክ በህይወት እንዳለ ነገር ነው የምታንቀው። ለእሷ ዋናው ሙቀትና ሽታ ነው። ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀት ለማወቅ ነው የሚያገለግሏት፣ ሞቅ ያለ ነገር ሲጠጋት ምግብ ነው ብላ ታውቃለች።

ስለ አይጡም ዝም ብዬ አላልፍም። በደንብ የሚሰሩ አምራቾች አይጦቹን የሚገድሉት ቀስ እያለ በሚጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ መጀመሪያ ራሳቸውን ይስታሉ። እኔ ቤት ያ አይጥ ከእባብ ጋር ተዘግቶ ያደረበትን ሌሊት ሳስብ ለሁለቱም ነው የማዝነው።

እና ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፣ አላለቀም። ፓኬጁ ተመላሽ የለውም ስላለ ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ «በቃ የቀረሽን በፍሮዝን ልቀይርልሽ» አለኝ። ልብ በሉ፣ ፍሮዝን አትነካም ያለኝ ሰው ነው። አንድ ትልቅ ፌስታል አይጥ ሰጠኝ። ቁስሏ ከጠገገ በኋላ ሐኪሟ አሁን መብላት ትችላለች ስትለኝ ከዛ አንዱን አቀለጥኩና ሰጠኋት፣ አልነካችም። ቀዝቃዛ ነበር። ከሳምንት በኋላ በደንብ አሙቄ፣ ማታ መብራት አጥፍቼ፣ በረጅም መቆንጠጫ ስሰጣት ወዲያው ወሰደች! ማለትም ፍሮዝን አትበላም የተባልኩት ውሸት ነበር፣ ወይም ማንም ሞክሮ አያውቅም። ደስታዬ ግን 3 ቀን ነው የቆየው፣ በ3ኛው ቀን አስመለሰችው። ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም።

ፌስታሉን ይዤ ለሐኪሟ ሳሳያት ገና ሳትከፍተው ነው የገባት። አይጦቹ ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቀው አንድ ድፍን ሆነዋል፣ ከስር ቀላ ያለ ውሃ በረዶ ሆኖ ተጋግሯል፣ ሆዳቸው ጠቆር ወደ አረንጓዴ ብሏል። ቀልጠው እንደገና የበረዱ ናቸው አለችኝ። አይጥ ሲቀልጥ መጀመሪያ የሚበላሸው አንጀቱ ነው፣ ባክቴሪያው እዛ ይራባል፣ መልሰህ ብታቀዘቅዘው አይሞትም፣ ይጠብቃል። እባብ እንዲህ ያለ ነገር ስትበላ ሆዷ ውስጥ ከመፈጨቱ በፊት መበስበሱ ይቀድማል። ማስመለስ ደግሞ ለእባብ ቀላል አይደለም፣ ጉሮሮዋን አሲድ ያቃጥለዋል፣ ከዛ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት ማሳረፍና ሲጀመርም ከበፊቱ አነስ ባለ መጀመር ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቃ ከቁስል የተነሳች እንስሳ እንደገና ጾም።

ስለዚ ፍሮዝን ስትገዙም አይናችሁን ክፈቱ። ጥሩው አይጥ አንድ በአንድ ይለያያል፣ ጸጉሩ ንጹህ ነው፣ ፌስታሉ ውስጥ ብዙ በረዶ አመዳይ ወይም የቀለጠ ደም የለም፣ የታሸገበት ቀን ተጽፎበታል። ሲቀልጥ ሆዱ ከተሰነጠቀ ወይም ከሸተተ ጣሉት፣ ከፍያለሁ ብላችሁ አትስጡ። አንዴ አቅልጣችሁ ያልተበላውንም ወደ ፍሪዘር አትመልሱ።

አቀላለጡ ላይ እኔ የማደርገው፣ ከማታው ጀምሮ በፌስታል አሽጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ፍሪዘር ሳይሆን የታችኛው ጋ፣ በነጋታው ልሰጣት ስል ከነፌስታሉ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ (የፈላ አይደለም) እስኪሞቅ እተወዋለሁ። ላዩ ወደ 38 ዲግሪ ሲደርስ ለእሷ በህይወት ያለ ይመስላታል። ሆዱን በጣቴ ጫን ጫን አደርገዋለሁ፣ ውስጡ ጠጣር ነገር ካለ ገና በረዶ ነው፣ ይመለሳል ወደ ውሃው። ማይክሮዌቭ በፍጹም፣ ሆዱ ሊፈነዳ ይችላል፣ አንዱ ጋ ይፈላል ሌላው ጋ በረዶ ነው፣ አፏን ያቃጥላታል። የአይጡ ውፍረት ከእሷ ወፍራሙ ቦታ እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከበላች በኋላ 2 ቀን አትንኳት።

እጃችሁን ታጠቡ፣ ይሄን ለልጆች ስል ነው የምደግመው። ማቀዝቀዝ ሳልሞኔላን (ሰውን በተቅማጥና በትኩሳት የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው) አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለእባብ ምግብነት የተሸጡ ፍሮዝን አይጦች በሳልሞኔላ ምክንያት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል፣ እንግሊዝም ውስጥ ከዛ በኋላ በዚሁ ምክንያት ብዙ ሰው ታሟል፣ ከነሱ ውስጥ ህጻናትም ነበሩ። አይጡ የሚቀልጥበት ሳህን ለብቻው ይሁን፣ ሰው የሚበላበት እቃ ጋ አይደርስም።

እውነቱን ለመናገር ፍሮዝን እምቢ የሚሉ እባቦች አሉ፣ በተለይ ከዱር የተያዙና አንዳንድ ገና የተፈለፈሉ። ለነሱም ቢሆን ቀጥታ በህይወት ካለ ወደ ፍሮዝን መዝለል ሳይሆን መሀል ላይ ገና አሁን የሞተ መስጠት፣ ከዛ ቀስ በቀስ ማሸጋገር ይቻላል። የግድ በህይወት ያለ መስጠት ካለባችሁ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ መቆንጠጫ ይዛችሁ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወሰደች አውጡት። አይኗ ወተት ከመሰለ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ። ከደጅ ያጠመዳችሁትን አይጥማ በፍጹም፣ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ መርዝ ወደ እባቡ ያልፋል።

እባብ ስትገዙ ሻጩ ፍሮዝን ትበላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ትበላለች ካለ አይናችሁ እያየ ያብላት፣ አትበላም ካለ ስንት ጊዜ ሞከርክ፣ እንዴት ሞከርክ በሉት። የበላችበትን ቀንና ኪሎዋን የጻፈበት ነገር ካለው አሳየኝ በሉት፣ በደንብ የሚያሳድግ ሰው ይሄን ይጽፋል። የምግብ ፓኬጅ ካለ ግን ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን አትግቡ፣ ምግቡን በሚያስፈልጋት ጊዜ በሚያስፈልጋት ልክ ከፈለጋችሁበት ቦታ ግዙ።

የኔዋ አሁን ደህና ናት፣ ከሌላ ቦታ በገዛሁት ፍሮዝን በየ3 ሳምንቱ ትበላለች፣ ኪሎዋም ተመልሷል። የፓኬጁ ቀሪ ገንዘብ አልተመለሰልኝም፣ ያ ፌስታልም ቆሻሻ ውስጥ ነው የገባው። የፈረምኩት ወረቀት ላይ ቅናሹ ከፊት በትልቁ ነው የተጻፈው፣ «ተመላሽ የለውም፣ ከርክክብ በኋላ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚለው ከጀርባው በጣም በትንሹ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ገልብጣችሁ እዩት።