ጂፒኤስና ቶፖ ማፕ፦ ከስምንት ወር በኋላ

በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ (የቆምኩበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያነብ ዕቃ) የገዛሁት አንኮበር ዙሪያ ለምንጭ ማጎልበት ጥናት ስንመላለስ ነው። ስምንት ወር ሆነው። ርካሹ ዓይነት ነው፤ ካርታ አያሳይም፣ ቁጥር ብቻ ይነግራል፣ ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። የምለው ነገር ለማንኛውም ሞዴል ስለሚሠራ ስሙን ልተወው። ካርታው የወረቀቱ ነው፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ባለ 1:50,000 ቶፖ ማፕ።

የመጀመሪያውን ወር ዕቃውን ስረግመው ከረምኩ። ምንጩ ራስ ላይ ቆሜ ያነበብኩትን ኮኦርዲኔት (የቦታውን ቁጥር) ካርታው ላይ ሳሰፍረው ነጥቡ የከፍታ መስመሮቹ፣ ኮንቱሮቹ፣ ተጣብቀው ከጠቆሩበት ገደል ላይ አረፈ። ቢሮ ስመለስ ኃላፊያችን አይቶ «ምንጩ ከገደል አፋፍ ነው እንዴ የፈለቀው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። አንድ አንጋፋ ቀያሽ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ዕቃውን አትውቀስ። የካርታውን ግርጌ አንብበህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላነበብኩም ነበር። ግርጌው ላይ አዲንዳን ይላል። የእኛ የቆዩ ቶፖ ማፖች የተሠሩት በዚህ ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥር በሚሰላበት መነሻ፣ ነው፤ ስሙ የመጣው ከግብፅ ደቡብ ጫፍ ከነበረ የመለኪያ ጣቢያ ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያነበው በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በእኛ አካባቢ ሁለቱ ቦታን በሜትር በሚገልጸው በዩቲኤም ቁጥር ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ካርታው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ላይ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ማን ልብ ይለዋል? አንኮበር ላይ ግን ገደል ያሻግራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ዳተሙን አዲንዳን፣ አቀማመጡን ዩቲኤም ዞን 37 አደረግሁት፤ ምንጩ ከሸለቆው ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀላል ነው። ኢስቲንግ (የምሥራቁ ቁጥር) 579640፣ ኖርዚንግ (የሰሜኑ) 1059270 ካለኝ፣ ካርታው ጠርዝ ላይ በትልቁ ከተጻፉት ቁጥሮች የኪሎ ሜትሮቹን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች፣ 79ን እና 59ን እፈልጋለሁ። የሁለቱ መስመሮች መገናኛ መነሻዬ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ 12.8 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 5.4 ወደ ላይ። ማስመሪያና የተቀረጸ እርሳስ ይበቃል። እርሳሱ ግን በደንብ ይቀረጽ! የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ መሬት ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል፤ ሰማዩ ክፍት ከሆነ ከሳተላይቱ ስሕተት የእርሳሱ ይብሳል።

ከፍታውን ከጂፒኤሱ አልወስድም፣ ይዋዥቃል። ነጥቡን ካሰፈርኩ በኋላ በየ20 ሜትሩ ከተሰመረው ኮንቱር እገምታለሁ። ለቧንቧ መስመር ይህም አይበቃም፤ የከፍታ መለኪያው መሣሪያ፣ ሌቭል፣ ግድ ነው።

ወረቀቱ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ መንገድ ስመርጥ ነው። አንድ ቀን መሣሪያው ቀጣዩ ምንጭ 800 ሜትር ብቻ ይቀረዋል አለኝ። ካርታውን ዘርግቼ ኮንቱሮቹን ስቆጥር በመካከላችን 400 ሜትር ቁልቁል ወርዶ እንደገና የሚያስወጣ ሸለቆ አለ። በአፋፉ ዞርን፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብን እንጂ ጉልበታችን ተርፏል።

የማልወድለት? ብርድ ሲሆን ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼው አድራለሁ። ገደል ሥር ሳተላይት እስኪይዝ ያስጠብቃል። ካርታውም ቢሆን አርጅቷል፤ ዛሬ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለበትም፣ ጉምና ካፊያም እጥፋቱን ስለሚበላው ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ነው የምይዘው።

ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ተውሶት ዳተሙን ቀይሮ መለሰልኝ። ጠዋቱን ሙሉ የለካሁትን ነጥብ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ደገምኩ። አሁን ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በቀይ እስክሪብቶ «አዲንዳን፣ አትንኩ» ብዬበታለሁ።