ጓሳ ወይስ ወፍ ዋሻ?

ቦርሳውን አዝሎ ከላሊበላና ከጎንደር ባሻገር አገሩን ማየት ለፈለገ፣ ሰሜን ሸዋ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለው። መንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ አምባ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ትታያለች። የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደው ገበሬ ራሱ ነው ጠባቂው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ተመካክሮ ሲከፍት ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ቦታ አይገኝም ባይ ነኝ። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጋቢ ብቻውን አያዋጣም።

ወፍ ዋሻ ጥድና ዝግባ የሞላበት ጥቅጥቅ ደን ነው። ለደብረ ብርሃን ይቀርባል፣ አንኮበርም ጎረቤቱ ነው። ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። እኔ ጓሳን እመርጣለሁ፤ በክረምት ግን ሁለቱም ይቅሩ። የመንገዱን ሰላም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሳይጠይቁ አይነሱ።