ርካሽ የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ልጆቻችሁ ቴኒስ የሚጫወቱ ወላጆች፣ እናንተም ቅዳሜና እሁድ ሜዳ የምትወርዱ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከ150 እስከ 200 ዶላር የሚሸጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን አለ። ስሙ በየገጹ ይለያያል። ቀለሙም እንደዚያው። ማሽኑ ግን ያው አንዱ ነው። አትግዙት። ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑን አትጣሉ። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ዛሬውኑ ፈትሹት። አፈታተሹን ከታች እነግራችኋለሁ።

ሰው ለምን እንደሚገዛው በደንብ ይገባኛል። እዚህ ሜሪላንድ ራኬት ሱቅ ወስዳችሁ ስታስወጥሩ ለጉልበት ብቻ ከ20 እስከ 30 ዶላር ትጠየቃላችሁ። ክሩ ለብቻው ነው። ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ፦ በሳምንት የምትጫወተውን ቀን ያህል በዓመት ክር ቀይር ይባላል። ሃይስኩል ቡድን ውስጥ ሆና ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምትለማመድ ልጅ ግን ይህ አይበቃትም፤ በተለይ ፖሊስተር ክር ከተጠቀመች። ፖሊስተር ሳይበጠስም ይሞታል። ይላላል፣ ኳሱን እንደ ድሮው አይመልስም፣ ክንድ ማሳመምም ይጀምራል። ቤት ውስጥ ሁለት ተጫዋች ካለ፣ እያንዳንዱም ሁለት ራኬት ከያዘ፣ ሂሳቡን አስቡት። ስለዚህ "ማሽኑ በጥቂት ወራት ዋጋውን ይመልሳል" የሚለው ማስታወቂያ ልብ ይወስዳል። ደህና ማሽን ከሆነ እውነትም ይመልሳል። ይሄኛው ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። እሱን ካወቃችሁ ሻጩ የፈለገውን አውርቶ አይሸኛችሁም። ርካሾቹ ማሽኖች አብዛኞቹ በክብደት የሚሠሩ ናቸው። ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከባድ ብረት አለ። ክሩን መንከሻው ውስጥ አስገብታችሁ ዘንጉን ስትለቁት፣ ብረቱ ወደ ታች እየወረደ ክሩን ይስበዋል። ብረቱን ወደ ዘንጉ ጫፍ ባራቃችሁት መጠን የሚስብበት ኃይል ይጨምራል። በቃ ይኸው ነው። አሠራሩ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም እኔ እወደዋለሁ። የምድር ስበት ባትሪ አይፈልግም። ክሩ በተለጠጠ ቁጥር ብረቱ ተከትሎት ይወርዳል፣ ስለዚህ ኃይሉ አይቋረጥም። በጥሩ ብረት፣ በጥንቃቄ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። የዚህ ማሽን ችግር የተሠራበት ዕቃና የሰዎቹ ግድ የለሽነት ነው።

ዋናው ጉዳይ፦ ክሩ በስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚሳብ ለማሳየት ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የሻንጣ ሚዛን የሌለው የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም። አገር ቤት ስንሄድ 23 ኪሎውን የምንለካበት ያው ሚዛን ይበቃል። 23 ኪሎ ማለት 50 ፓውንድ ገደማ ነው። የቴኒስ ራኬትም በአብዛኛው የሚወጠረው ከ45 እስከ 60 ፓውንድ ባለው መካከል ነው። መጀመሪያ ሚዛኑን ራሱን አረጋግጡ። 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ካላችሁ ሳትከፍቱት አንጠልጥሉት። 25 አካባቢ ካነበበ እመኑት።

ከዚያ አሮጌ ክር ቁረጡ። አንዱን ቁራጭ ከሚዛኑ መንጠቆ ጋር አስራችሁ ሌላውን ጫፍ ራኬት ከሚይዘው የማሽኑ ጠንካራ ቋሚ ጋር እሰሩት። ሁለተኛውን ቁራጭ ከሚዛኑ እጀታ አስራችሁ ጫፉን መንከሻው ውስጥ አስገቡ። ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሁን። ብረቱን 50 ላይ አድርጋችሁ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ዘንጉ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሲሆን ሚዛኑ ምን እንደሚል አንብቡ። ይህን ሁሉ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

የእኔው ማሽን 55 ላይ ተደርጎ ሚዛኑ ያነበበው 47 ነው። 8 ፓውንድ ቀላል ነገር አይደለም። ደህና ተጫዋች 2 ፓውንድ ልዩነት እንኳ ይታወቀዋል። ክር ሲላላ ኳስ ይረዝማል። ልጄ የምትመታው ኳስ ሁሉ ከኋላው መስመር እያለፈ ሲወጣ፣ አሰልጣኟ ምቷ ተበላሽቶ መስሎት አያያዟን ሲያስተካክልላት ከረመ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ልጅ በማታውቀው ነገር በራሷ ላይ እምነት ስታጣ ማየት ከባድ ነው።

ለሻጩ ስጽፍለት "ዘንጉን አግድም አላደረጋችሁትም" የሚል መልስ መጣ። ይህን መልስ ለእናንተም ይሰጧችኋል፣ አትቀበሏቸው። ዘንጉ 10 ዲግሪ ቢጋደል የሚጎድለው 1.5 በመቶ ብቻ ነው። በ55 ፓውንድ ላይ አንድ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። 8 ፓውንድ እንዲጎድል ዘንጉ 30 ዲግሪ ያህል መጋደል ነበረበት፤ ያንን ደግሞ ቪዲዮው ላይ ማንም ሰው ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ። ደጋግማችሁ ስትለኩ ስህተቱ ሁልጊዜ ያው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሌ 8 ፓውንድ የሚጎድል ከሆነ፣ ችግሩ የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ትክክለኛውን ቦታ ፈልጋችሁ ዘንጉ ላይ የራሳችሁን ምልክት በፕላስተር ብትለጥፉ ማሽኑ ሊሠራ ይችላል። አንዴ 47፣ አንዴ 51፣ አንዴ 44 ካለ ግን መንከሻው እያንሸራተተ ነው፣ ወይም ውስጡ ያለው፣ ዘንጉን የሚይዘው ባለጥርስ ጎማ እየከዳ ነው። ጎማው ከከዳ ቤት ውስጥ አይጠገንም። መልሱት።

መንከሻው ማንሸራተቱን ለማየት ክሩ ወደ መንከሻው የሚገባበት ቦታ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉና ሳቡ። ምልክቱ ከመንከሻው ከራቀ ክሩ እያመለጠ ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ብቻ ይሆናል። በአልኮልና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጥቡትና አድርቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

አሁን ወደ መቆንጠጫዎቹ ልምጣ። ለእኔ ከሁሉም የከፉት እነሱ ናቸው። በርካሾቹ ማሽኖች ላይ መቆንጠጫው ከማሽኑ ጋር አልተያያዘም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክሮችን አንድ ላይ ነክሶ ይይዛል፤ አንደኛው ክር ለሌላኛው መልሕቅ ይሆነዋል። ስለዚህ ክር በሳባችሁ ቁጥር ዘንጉን ከመመለሳችሁ በፊት የያዛችሁትን ውጥረት የሚጠብቀው ይህ ትንሽ ብረት ነው። እሱ ከለቀቀ በትክክል የሳባችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህ መቆንጠጫ ይለቃል። ዘንጉን ስታነሱት መቆንጠጫው ቀስ እያለ ወደ ፍሬሙ ሲሳብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ክሩ ላይ የተፋቀ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ይተዋል። በጥቁር ክር ከሆነ የመቆንጠጫው ጥርስ ላይ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። ያ ዱቄት የከፈላችሁበት ክር ነው። ፖሊስተር ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም ክሩ ልሙጥና ጠንካራ ነው።

የሚፈተነው እንዲህ ነው። ጥርሱንና ጥርሱን በአልኮል አጽዱ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉትና ወረቀቱን ከጫፍ በኩል፣ ቀጥሎም ከመሠረቱ በኩል ለመጎተት ሞክሩ። በአንዱ በኩል ጥብቅ፣ በሌላው በኩል ልቅ ከሆነ ጥርሶቹ እኩል አይገጥሙም። ማጥበቂያ ብሎን አለው፤ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ሞክሩ። የእኔው ሲጠብቅ ጫፉ ጭራሽ ተከፈተ፤ ብረቱ ስለሚለምጥ ነው። ይብስ ብዬ ሳጠብቀው ደግሞ ክሩን ጨፈለቀው። መሀል ላይ የሚሠራበት ቦታ የለውም። እንዲህ ከሆነባችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ፍሬሙም ጉዳይ አለ። ክር ሲወጠር ራኬቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው። ቋሚ ክሮቹ ብቻ ተወጥረው አግድሞቹ ገና ሳይገቡ፣ የራኬቱ ራስ አጥሮ ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል። ማሽኑ ራኬቱን አጥብቆ የሚይዝበት ምክንያት ይህ ነው። በሁለት ቦታ፣ ከላይና ከታች ብቻ የሚይዝ ማሽን ሁሉ መጥፎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ጠንካራ ሆኖ ከተሠራ ይሠራል። የዚህኛው መያዣ ግን ስስ ፕላስቲክ ነው። ጫና ሲመጣበት ይታጠፍና ፍሬሙን በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ይጫነዋል። የራኬቱን ራስ በሰፊው ቦታ ላይ ከመወጠራችሁ በፊት በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉት፤ ሲያልቅ እንደገና ለኩት። ወደነበረበት ካልተመለሰ ማሽኑ ወይም አወጣጠሩ ራኬቱን እያጣመመው ነው። ሌላም አለ፦ ቋሚ ክሮችን ከመሀል ጀምራችሁ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ሳቡ። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ያኔ ጥሩ ማሽንም ራኬት ይሰብራል።

እኛ ቤት አንድ ራኬት አናቱ ላይ ካለው ቀዳዳ አጠገብ ተሰነጠቀ። ከ200 ዶላር በላይ የወጣበት ነው። በአወጣጠር ለደረሰ ጉዳት የራኬት አምራቾች ዋስትና በአብዛኛው አይሠራም። በማሽኑ "የዳነው" ገንዘብ በአንዲት ቀጭን ድምፅ ሄደ።

ለእጃችሁም ተጠንቀቁ። ባለጥርሱ ጎማ ሲከዳ ዘንጉ ከነብረቱ ድንገት ይወድቃል። ከሥሩ ጣት እንዳይኖር። ሕፃናት ባሉበት አትሥሩ።

"ኤሌክትሪኩ ይሻላል?" ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ርካሾቹ ስክሪን ላይ ቁጥር ያሳያሉ እንጂ ብዙዎቹ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ቆልፈው ይቆማሉ። ማስታወቂያው ግን "ያለማቋረጥ ይስባል" ይላል። ክሩን ስባችሁ ትንሽ ጠብቁ። ክሩ ሲለጠጥ ሞተሩ እንደገና ካልሳበ ማስታወቂያው ዋሽቷል። ሌላው ወጥመድ የባድሜንተን ማሽን ነው። ከ35 ፓውንድ በላይ የማይስብ ማሽን "ለቴኒስም ይሆናል" ተብሎ ይሸጣል። ከፍተኛው ስንት እንደሆነ ሳታነቡ አትክፈሉ።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ወይም ለሰፈር ልጆች ገዝታችሁ ለመላክ ያሰባችሁ ደግሞ የበለጠ አስቡበት። ሐሳቡ የተባረከ ነው። ግን አገር ቤት መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 110 ቮልት ሞተር እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። ባለክብደቱም ቢሆን ብረቱ ከሻንጣችሁ ኪሎ ላይ ብዙ ይበላል። አንዴ ከሄደ ደግሞ መመለስ አይታሰብም። መላካችሁ ካልቀረ እዚሁ ፈትናችሁ፣ ራኬት ወጥራችሁ አይታችሁ ላኩት።

ስለ ገንዘቡ ልንገራችሁ። ቅሬታ ስታቀርቡ መጀመሪያ "ማሽኑን ያዙት፣ 20 ዶላር እንመልስ" ይላሉ። እምቢ ስትሉ ትንሽ ይጨምራሉ። ቀጥሎ "ባሕር ማዶ ወዳለው መጋዘናችን በራሳችሁ ወጪ ላኩ" ይመጣል፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ይሆናሉ። ትንሿን ገንዘብ አትቀበሉ። ከተቀበላችሁ "ተስማምተናል" ብለው ይዘጉታል። ንግግሩን ሁሉ በገበያው ድረ ገጽ መልእክት ላይ ብቻ አድርጉት፣ በግል ኢሜይል አትውጡ።

በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ መብት አላችሁ። በ1974 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃ ላይ ሂሳቡን እንድትከራከሩ ይፈቅዳል። ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ዴቢት ካርድ ይህ ጥበቃ የለውምና እንዲህ ያለ ዕቃ በዴቢት አትግዙ። የሚዛኑ ቪዲዮ፣ የማስታወቂያው ገጽ ፎቶና የሻጩ መልስ ሦስቱ ከቀረቡ ክርክሩ ይጠነክራል። የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ ዛሬውኑ አንሱት፤ በኋላ ይቀይሩታል።

ማሽን የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አዋጡና መቆንጠጫው ከማሽኑ ጋር የተያያዘ፣ መለዋወጫ የሚገኝለት፣ እዚሁ አገር ስልክ የሚያነሳ ሻጭ ያለው ማሽን ግዙ። ያገለገለም ይሁን፣ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ሚዛናችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለክታችሁ። ጥሩ ባለክብደት ማሽን በአሮጌነቱ አይናቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ይህን ማሽን ገዝታችሁ የመመለሻ ቀናችሁ ያላለፈ፣ ሚዛን ከሌላችሁ ወይም መለካቱ ግራ ከገባችሁ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይዛችሁት ኑ። አብረን እንለካው፣ አብረን እንቅረጸው። ካርቶኑን ከነስታይሮፎሙ አምጡ፤ ከዚያው አሽጋችሁት ሰኞ ወደ ፖስታ ቤት ትሄዳላችሁ።