ስፓኒሽ ለሚያስፈልጋችሁ የነርሲንግ ተማሪዎች፦ ማኤስትራዬን ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነርሲንግ የምትማሩ ልጆች "ስፓኒሽ የት ልማር?" ስትሉ በየጊዜው አያለሁ። እኔ የተማርኩት ጓቴማላ ሄጄ ነው። ያስተማሩኝን ሴትዮ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

ከተማዋ ኬትሳልቴናንጎ ናት፤ አገሬው በአጭሩ ሼላ ይላታል። አብዛኛው የውጭ ተማሪ የሚሄደው አንቲጓ ወደምትባለው ሌላዋ የጓቴማላ ከተማ ነው። አንቲጓ ታምራለች፤ ግን በየካፌው እንግሊዝኛ ስለሚወራ ታዘናጋለች። ሼላ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ማታ ማታ ጋቢ ታስናፍቃለች። ትምህርቱ አንድ ለአንድ ነው፤ አንድ ተማሪ፣ አንድ አስተማሪ፣ በቀን አራት አምስት ሰዓት። መደበቂያ የለም።

ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ማኤስትራ (በስፓኒሽ "አስተማሪ" ማለት ነው) ብቻ ልበላቸው። ሰዋስው ያስተምሩኛል ብዬ ስጠብቅ ሕመምተኛ ሆነው ቁጭ አሉ። ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሆዳቸውን ይዘው። "የት ነው የሚያምዎት?" እላለሁ፤ ስለ ልጃቸው ያወሩልኛል። "ከመቼ ጀምሮ?" እላለሁ፤ ስለ በቆሎው። "ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሆናል?" ስል ዝም ብለው ያዩኛል። ከዚያ ሻርፑን አወረዱና "ሕመሟን በቁጥር የምትናገር አያት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊት ያስተኛዎታል ወይ በያት። ዛሬ ቶርቲላ (የበቆሎ ቂጣ) መጠፍጠፍ ችለዋል ወይ በያት" አሉኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሕመም መጠን ከተማርኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ለሕመምተኛ ሁሌም "ኡስቴድ" ነው የሚባለው። አንቱ እያልን ላደግን ለእኛ ቀላል ነው፤ አብረውኝ የነበሩት አሜሪካውያን ግን ፍዳቸውን አይተዋል።

ሌላው የባህል ሕመሙ ነው። ሕፃናት እጅ ላይ ቀይ ክር ታስሮ ታያላችሁ፤ ከሰው ዓይን እንዲጠብቃቸው ነው። ትልልቆቹ ደንግጬ ታመምኩ፣ ነፋስ መታኝ ይላሉ። ቡዳ በላው፣ ብርድ መታኝ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ምን ይገርማል? ማኤስትራ ግን እንድኩራራ አልፈቀዱልኝም። "ገባኝ ብለሽ አትለፊው። ምን አስደነገጠዎት በያቸው። ምን ጠጡበት፣ ማን መርፌ ወጋዎት በያቸው።" ከሰዓት በኋላ በምታዘብበት ጤና ጣቢያ ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ስታወጣ አይቻለሁ። ሰው ከፋርማሲ የገዛውን መድኃኒት ካልጠየቁት አይናገርም።

እዚያው ጤና ጣቢያ አንዲት ኪቼ የሚባለውን የማያ ቋንቋ ብቻ የሚናገሩ አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ወደ ስፓኒሽ ታስተረጉማለች። ሁላችንም ወደ ልጅቷ ዞረን እናወራለን። በማግስቱ ለማኤስትራ ስነግራቸው "ማየት ያለባችሁ አያቷን ነው" አሉኝ። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለእማዬ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩ አንጀቴን ነው የበላው። እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል የፌዴራል ገንዘብ ከወሰደ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ክልክል ነው። ማኤስትራም "ስፓኒሽሽ ሰላምታ ለመስጠትና ለማረጋጋት ይበቃል፤ ስለ ቀዶ ጥገና ለማስፈረም ግን ባለሙያ አስተርጓሚ ጥሪ" ብለው በግልጽ ነግረውኛል። እንጀራውን በዚሁ የሚበላ ሰው እንዲህ ሲል ለእሳቸው ያለኝ ክብር ጨመረ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ላንሳ። አጎቴ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባል ደሴት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የድምፅ መልእክታቸውን ለማኤስትራ አሰማሁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ይሄማ ኩባዊ ነው፣ 'ኤስ' የምትባል ፊደል ውጧል!" ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ የተለያየ አገር ሰው ንግግር ያሰሙኝ ጀመር፤ በተለይ የኤል ሳልቫዶር። ዲሲ አካባቢ ካለው ስፓኒሽ ተናጋሪ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸውና አልተሳሳቱም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ለ90 ቀን ቪዛ አይጠይቅም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲ ጠይቁ። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ተማሪ ናችሁና ያልተፈቀደላችሁን አትንኩ።

መሄድ ለማትችሉ ማኤስትራ በኦንላይንም ያስተምራሉ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ ቁጥራቸውን እልክላችኋለሁ። ጓቴማላ ሰዓት አትቀይርም፤ ከዲሲ በሰመር ሁለት ሰዓት፣ በዊንተር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አስልታችሁ ግቡ፤ የሐበሻ ቀጠሮ እሳቸው ጋ አይሠራም።