«ጋሼ፣ የት ካምፕ ነበሩ?» ብላ ለጠየቀችን እህታችን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን ምስጋና ለራሴ ይዤው ብቀር ሆዴ አይችለውም።

ባለቤቴ በሱዳን በኩል ተሰዶ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግሪን ካርዱን እንዳገኘ ማሪን ከሚባለው የአሜሪካ ጦር ገባ። ከ1983 ጀምሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖርዝ ካሮላይና፣ ካምፕ ለጁን የሚባል የጦር ሰፈር ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ፊቱ ይፈካል።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ቡና ስቆላ አልሸተው አለ። ጭሱን ወደሱ ሳዞርለት «እሰይ» ማለቱ ቀረ። ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል አፈላሁለት። ቀጥሎ ጽሕፈቱ ተለወጠ። የእቁባችን ጸሐፊ እሱ ነው። ደብተሩ ላይ ፊደሎቹ ከገጽ ገጽ እያነሱ እያነሱ ሄደው መጨረሻ ላይ ማንበብ አቃተን። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያየነውን ፍዳ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንዱ ሐኪም «እርጅና ነው» አለን። ሌላው ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘለት። አራት ወር ወረፋ ጠብቀን የገባንበት ደግሞ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን አሰናበተን። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ መሆኑ እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ሄደ። ከዚያ ደግሞ «የወታደር ጥቅማ ጥቅም እናስፈጽማለን» የሚሉ ሰዎች 2,000 ዶላር ተቀብለውን ስልክ ማንሳት አቆሙ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይቺን እህታችንን የጠቆመችን አንዲት የቤተክርስቲያን እናት ናት። እህታችን ራሷም ወታደር ነበረች። አሁን ፈቃድ አውጥታ የቀድሞ ወታደሮችን ማመልከቻ በነጻ ትሠራለች። አዎ፣ በነጻ! ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መቀበል በሕግ ክልክል መሆኑን ያወቅነው ከሷ ነው።

ቁጭ እንዳልን ስለ በሽታው አልጠየቀችም። «ጋሼ፣ የት ካምፕ ነበሩ?» አለችው። ለጁን አላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ውሃውን ይጠጡ ነበር?»

«ምን ልጠጣ ታዲያ ልጄ? ኮዳዬን ከቧንቧ እየሞላሁ ነዋ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም፣ አንድም ሐኪም ይሄን ጠይቆት አያውቅም። ከ1953 እስከ 1987 የካምፑ ውሃ በኬሚካል ተበክሎ ነበር ለካ። ስማቸውን በቅጡ አልያዝኩትም። አንዱ የብረት ቅባት ማጠቢያ ነው፣ ሌላው የላውንደሪ። በ2023 የወጣ ጥናት የለጁን ወታደሮችን ካሊፎርኒያ ካምፕ ፔንድልተን ከነበሩት ጋር አነጻጽሮ፣ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በ70 በመቶ በልጦ አግኝቶታል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በነዚያ ዓመታት በድምሩ 30 ቀን እዚያ ያገለገለ ሰው ፓርኪንሰን ከያዘው፣ ቪኤ የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት በሽታውን ከውሃው እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። በሽታው ከውሃው ነው ብሎ ማስረዳት የሱ ሸክም አይደለም። ይሄን ሁሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳችን።

ፊርማው ላይ ስንደርስ እጁ እንቢ አለ። እኔ ልፈርምለት እጄን ስዘረጋ እሷ በዓይኗ ከለከለችኝ። ተነስታ በሩን ዘጋች። ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችለት። «አይቸኩሉ ጋሼ፣ ዛሬ ሌላ ሰው የለብኝም» አለችው። ውጭ ግን ሦስት ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር፣ ስንገባ አይቻቸዋለሁ። ስሙን ጽፎ ጨረሰ። ትንሽ ናት፣ ግን የራሱ ፊርማ ናት። ሲወጣ ቀና ብሎ ነው የወጣው። ይሄን እስክሞት አልረሳላትም።

ማመልከቻው ጸደቀ። አሁን የነርቭ ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱንም በወቅቱ ያገኛል። መንቀጥቀጡ አልጠፋም። ግን ሌሊት ጣራ ጣራ ማየቱን ትቷል።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ አባት፣ ወንድም ወይም አማች ካላችሁ የት እንደነበረ ጠይቁት። ቬትናም ለነበሩና ኤጀንት ኦሬንጅ ለሚባለው የዕፅዋት ማድረቂያ መርዝ ለተጋለጡም፣ ፓርኪንሰን ከያዛቸው ቪኤ ከዚያ እንደመጣ አድርጎ ይቀበልላቸዋል። ስለ ለጁን ውሃ በፍርድ ቤት አዲስ የካሳ ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ነሐሴ 2024 ላይ አብቅቷል። የቪኤው በር ግን አልተዘጋም፤ ጊዜው አልፏል የሚላችሁን አትስሙ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የወለድሽው ይባረክልሽ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ያዙ። ከጠፋባችሁም ሂዱ። የኛም ጠፍቶ ነበር፣ ጽፋ ያስመጣችልን እሷው ናት።