የመኖሪያ ተሽከርካሪ የውኃ ማሞቂያ፦ ባለ ማጠራቀሚያ ወይስ ያለ ማጠራቀሚያ?

በመኖሪያ ተሽከርካሪዎች (ለጉዞ እንደ ቤት በሚያገለግሉ መኪኖች) የተለመደው ባለ ማጠራቀሚያ ማሞቂያ 23 ወይም 38 ሊትር ገደማ ውኃ አሙቆ የሚይዝ በመሆኑ፣ አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ቀጣዩ ጥቂት መጠበቁ አይቀርም። ማጠራቀሚያ የሌለው ግን ውኃው በውስጡ ሲያልፍ በኃይለኛ የጋዝ ነበልባል ስለሚያሞቀው፣ ጋዝና ውኃ እስካለ ድረስ ሙቅ ውኃ አያልቅም። ይህ ጥቅም በይበልጥ የሚታየው ተሽከርካሪው ከውኃ መስመር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከመስመር ርቆ ለሚሰፍር ሰው ዋናው ገደብ የተጫነው ውኃና የፍሳሽ ማጠራቀሚያው መጠን ነው። ከዚህም በላይ፣ ማጠራቀሚያ የሌለው ማሞቂያ የሚለኮሰው በቂ ፍሰት ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ ለመቆጠብ ቧንቧውን በጥቂቱ የሚከፍት ሰው እሳቱ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ማጠራቀሚያ ወደሌለው መቀየሩን የምመክረው ዘወትር የውኃ መስመር ባለበት ለሚያርፍ ቤተሰብ ነው።