ወደ ባሌ ተራሮች በ«ሙሉ ፓኬጅ» ለመሄድ ያሰባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ በቴሌግራም አንድ የጉዞ ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። ሐረርም ደርሷል ብለውኛል። አርብ ማታ ከድሬ መነሳት፣ ቅዳሜ ጠዋት ባሌ መግባት፣ በዚያው ቀን ቱሉ ዲምቱ መውጣት፣ ማታ ሳነቴ ላይ በድንኳን ማደር፣ እሁድ መመለስ። «ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ጋይድ ሁሉም ተካቷል፤ ቦታ ውስን ነው» ይላል። እኛ በዚሁ ፓኬጅ ሄደን መጥተናል። ብራችን ቀልጦ ቀርቷል። እሱስ ይሁን፣ ብር ይተካል። ነገር ግን አብራን የሄደች ልጅ ክፉኛ ታማብን በሌሊት ከተራራ አውርደናታል። የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዘጋጁን ስም አልጠራም፤ አቤቱታ አስገብተናል፣ ጉዳዩ በእጅ ላይ ነው። ደግሞ ስም መቀየር ቀላል ነው፣ ነገ በሌላ ቻናል ሌላ ስም ይዞ ብቅ ይላል። አሠራሩን ካወቃችሁት በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ። ሳነቴ የሚባለው አምባም አብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህን ቁጥር ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ቆላ ኖሮ ቆላ ያደገ ሰው በአንድ ቀን ከ1,200 ተነስቶ 4,000 ላይ ተኝቶ ይደር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሻጩ ያውቃል። ካላወቀ ደግሞ ይህን ሥራ መሥራት የለበትም።

የከፍታ ሕመም ብርድ አይደለም፣ የልምምድ ማነስም አይደለም። ሰውነት ለሳሳው አየር ራሱን እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ ካልሰጣችሁት ጎረምሳውንም ስፖርተኛውንም ይጥላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ እንደደረሳችሁ አይመጣም። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ሲነሳ ሲስቅ የነበረ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ድንኳን ውስጥ ሊታመም ይችላል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ የሚሉትም ለዚሁ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት አንድ ነገር ነው። እዚያው ላይ ማደር ግን ፍጹም ሌላ ነው።

የኛን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት የፓርኩ በር ያለባት ዲንሾ ትገባላችሁ ተብለን ስንደርስ ቀን 9 ሰዓት አልፎ ነበር። መንገዱ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ ዞሮ ነው የሚሄደው፣ በሚኒባስ ሌሊቱን ሙሉ ተነድቶም በጠዋት አይደረስም። ካርታ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እንቅልፍ ያጣ፣ የረባ ምግብ ያልበላ፣ ግማሹም ጫት ሲቅም ያደረ ሰው ተጭኖ ወደ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ቀጥታ ወደ ላይ። ጥዱና ኮሶው አለቀ፣ አስታው ተከተለ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ጠፍቶ ጅብራ ብቻ ቀረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሳነቴ ላይ ነበርን።

ድንኳኖቹ ለባሕር ዳርቻ የሚሆኑ ስስ ነገሮች ናቸው። የመኝታ ከረጢት ተብሎ የተሰጠን ዚፑ የማይዘጋ ቀጭን ጨርቅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከመካከላችን ስፖርት አዘውትራ የምትሠራዋ ልጅ ጭንቅላቴን አለች። ቆየት ብላ አስመለሳት። አዘጋጁ «ብርድ ነው፣ ትኩስ ሻይ ጠጪና ይለቅሻል» አላት። ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ከድንኳን ወጥታ ስትራመድ እንደሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ አላት። ስሟን ስንጠራት ዘግይታ ነው የምትመልሰው።

ያዳናት የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ነው። ድሬ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያጣምና ተግባባን። ባትሪ አብርቶ አያት፣ እግርሽን አስከትለሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ አላት፣ አልቻለችም። «ይቺ ልጅ እዚህ አታድርም፣ አሁኑኑ አውርዷት» አለ። አዘጋጁ ይንጋና ብሎ ተከራከረ፣ ሾፌሩም ነዳጅ አይበቃኝም አለ። ስካውቱ መልስ ሳይጠብቅ ገብቶ ጋቢና ተቀመጠ። ጎባ ስንደርስ ልጅቷ ራሷ ውሃ ስጡኝ ብላ ጠየቀች። ሆስፒታልም እዚያው ጎባ አለ፣ ታይታለች፣ አሁን ደህና ናት። አንድ ሰው መራመድ ሲያቅተው፣ ንግግሩ ሲምታታ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ሲያጥረውና ሲያስለው የሚጠበቅ ነገር የለም። መውረድ ነው፣ በጨለማም ቢሆን።

እሁድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ቀረ። የከፈልንበት የእግር ጉዞ ሳይኖር ወደ ድሬ ተመለስን። አዘጋጁ ብራችንን መልስ ሲባል «ያቋረጣችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ በማግስቱ ሁላችንንም ከግሩፑ አስወጣን።

ወደ ብሩ ስንመጣ «ሁሉም ተካቷል» የሚለውን ቃል አትመኑት። ዲንሾ በር ላይ የፓርክ መግቢያ፣ የመኪና መግቢያ፣ የካምፕ፣ የስካውትና የአካባቢ አስጎብኚ ክፍያ አለ። አዘጋጁ እዚያ ሲደርስ «ይሄ የመንግሥት ነው፣ ፓኬጁ ውስጥ የለም» ብሎ በነፍስ ወከፍ ሰበሰበ፣ ደረሰኙንም አላሳየንም። ፓርኩ ለሚሰበስበው ብር ደረሰኝ ይቆርጣል፣ የራሳችሁን ጠይቁ። ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች ታሪፉ የተለያየ ነው፣ እንግዳ ወይም ዲያስፖራ ዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ይህንን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የማስታወቂያውን ፎቶም ተመልከቱት። እኛ የደረሰን ላይ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዋልያ ነበር። ዋልያ ባሌ ውስጥ የለም፣ በዓለም ላይ የሚኖረው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። የባሌ መታወቂያ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ናቸው። የሚሸጠውን ቦታ ፎቶ እንኳ ያልያዘ ሰው ቦታውን ያውቀዋል ብዬ አላምንም። «ቀይ ቀበሮ 100 ፐርሰንት ታያላችሁ» የሚለውም እንደዚያው ነው። እርግጥ ሳነቴ ቀይ ቀበሮ ለማየት ከየትም የተሻለ ቦታ ነው። ግን በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡ እንስሳ ነው፣ አይጥ ፍለጋ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም።

ሌላም አለ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ ይወጣል። ስለዚህ «ቱሉ ዲምቱ ሀይኪንግ» ብሎ የሚሸጥላችሁን በእግር ነው በመኪና፣ ከየት ተነስተን፣ ስንት ሰዓት እንሄዳለን፣ መኪናው ምን ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት። ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ነው የምናድረው በሉት። መልሱ ሳነቴ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። እኔ ከእንግዲህ ሌላውን ሁሉ ከመጠየቄ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የታመመ ሰው ቢኖር በየትኛው መኪና ይወርዳል፣ ማን ይወስናል የሚለውንም አስከትሉበት። የሚንተባተብ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ባሌን አትሂዱ እያልኩ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፣ እንዲህ ያለ አገር ለሌባ መተው የለበትም። በደንብ የሚሄድበት መንገድ አለ። በዝግታ ሂዱ፣ መንገድ ላይ እደሩ፣ አዳማ ወይም አሰላ ጥሩ ነው፤ አሰላ ከፍ ስለሚል ለሰውነትም መለማመጃ ይሆናል። ከዚያ ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎባ ትንሽ ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ዙሪያ በእግር ሂዱ። የጋይሳይ ሣር ሜዳ ሜዳማ ስለሆነ አያደክምም፣ የደጋ አጋዘኑንም እዚያው በቅርብ ታዩታላችሁ፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ሙሉ ቀን እዚያ ብውል አልጠግብም። ሳነቴን ለሚቀጥለው ቀን አድርጉት፤ በጠዋት ወጥታችሁ ውላችሁ ለመኝታ ወደ ጎባ ውረዱ። ጊዜ ካላችሁ በማዶ በኩል በሪራ አድርጋችሁ ሐረና ጫካ ትወርዳላችሁ። ይህ በሁለት ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። በቅዳሜና እሁድ ከድሬ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ መኪና ውስጥ መቀመጥን ነው።

ወቅቱንም ጠይቁ። ለእግር ጉዞ የሚሻለው ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፣ ዝናቡ በአብዛኛው ጋብ ይላል። ግን በጋው ላይ ሰማይ ሲጠራ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ላይ ያለ ውሃ በረዶ ሠርቶ ያድራል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ ድሬ በላብ ስትጠመቁ በዚያው ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ከድሬ በ20 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። እኛ ቤት ወፍራም ጃኬት ያለው ሰው ጥቂት ነው። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ድሬ ታይዋንና ቀፊራ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ ከተፈለገ ጥሩ ጃኬት ይገኛል። ጓንት፣ ኮፍያ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ዝናብ የማያስገባ ነገር ያዙ። ብርድ ቢሆንም ፀሐይዋ እዚያ ላይ ፊት ትልጣለች፣ የፀሐይ ቅባት አይቅርባችሁ። ጫቱን ደግሞ ለዚያ ጉዞ ተዉት። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍና ረሃብ ይደብቃል፣ ከፍታው ይሁን ምርቃናው ለመለየት ያስቸግራል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበትና እርጉዝ የሆነች ሐኪም ሳያማክሩ አይውጡ። ለከፍታ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፣ እሱንም ሐኪም ነው የሚወስነው።

እግሬን ልሞክር የሚል ደግሞ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሐረር አጠገብ ቁንዱዶ ተራራ አለላችሁ፣ የዱር ፈረሶቹን ፍለጋ ብቻ እንኳ ይወጣል። ጋራ ሙለታም 3,381 ሜትር ነው፣ ቀላል ተራራ አይደለም። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ፣ በጠዋት ወጥታችሁ በቀን ተመለሱ። ትንፋሻችሁ እንዴት እንደሚሆን እዚያው ታዩታላችሁ።

ክፍያ ላይ ግን ቆጠብ በሉ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ቴሌብር ሙሉውን አትላኩ። የንግድ ፈቃዱንና የአስጎብኚነት የብቃት ማረጋገጫውን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። ምን እንደተካተተ፣ ምን እንዳልተካተተ፣ ጉዞው ቢቀር ስንት እንደሚመለስ በጽሑፍ ያስፍር፣ ደረሰኝ ይስጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ደረሰኝ መስጠትም ውለታ አይደለም፣ የነጋዴው ግዴታ ነው።

ከዚህ ሰውዬ ጋር የሄዳችሁ ወይም ቅድሚያ ከፍላችሁ ጉዞው የቀረባችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉት። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የግሩፑን ጽሑፍና የድምፅ መልእክቶቹን ሳያጠፋባችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። ከግሩፑ ሲያስወጣን ብዙዎቻችን ያጣነው ይህን ነው። ማስረጃ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለከተማው ንግድ ቢሮ ካስገባነው አቤቱታ ጋር አብሮ ይያያዛል።